የምድር ውስጥ ግፊትን በማሽን ለርኒንግ መተንበይ፦ በስታዲየም አካባቢ የተሰጠ የአምስት ቀን ሥልጠና ግምገማ

ባለፈው ወር ከስታዲየም ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ለጉድጓድ ቁፋሮ ባለሙያዎች የተዘጋጀ የአምስት ቀን ሥልጠና ተከታትያለሁ። የሥልጠናው ርዕስ የምድር ውስጥ ግፊትን በማሽን ለርኒንግ መተንበይ የሚል ነበር፤ ማሽን ለርኒንግ ኮምፒውተር ከቀደሙ መረጃዎች ተምሮ እንዲገምት የሚደረግበት ዘዴ ነው። እኔ በስምጥ ሸለቆ የጂኦተርማል (የምድር ውስጥ ሙቀት) ቁፋሮዎች ላይ በጂኦሎጂስትነት ለዓመታት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ ርዕስ ላይ በአዲስ አበባ መሐል ሥልጠና ሲሰጥ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ክፍያውን ከራሴ ከፍዬ ገባሁ። የአዘጋጁን ድርጅት ስም እዚህ አልጠቅስም፤ ከዚህ በታች የማነሣቸውን ጉድለቶች በጽሑፍ ሰጥቻቸዋለሁ፣ እነርሱም ለሚቀጥለው ዙር እንደሚያርሙ ነግረውኛል፤ ለማረም ፈቃደኛ የሆነን ሰው በስሙ መክሰስ ተገቢ አይመስለኝም።

ጉዳዩን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ከመሬት በታች ያለ ድንጋይ ድፍን ቢመስልም በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በውሃ፣ በዘይት ወይም በጋዝ የተሞሉ ናቸው፤ ያ ፈሳሽ የሚያሳድረው ግፊት በሙያው ቋንቋ ፖር ፕሬዠር ይባላል። ቀዳዳዎቹ እስከ ላይ ድረስ የተገናኙ ከሆነ ግፊቱ በየ10 ሜትሩ በ0.98 ባር ገደማ እየጨመረ ይሄዳል፤ በ3,000 ሜትር ጥልቀት ላይ እንግዲህ 294 ባር ያህል ይጠበቃል ማለት ነው። ችግር የሚፈጠረው ደለል በፍጥነት በተከማቸባቸው ቦታዎች ነው። ሼል የሚባለው የደቀቀ የጭቃ ድንጋይ ውሃውን በጊዜ ማስወጣት ሲያቅተው ከላይ የተጫነውን ክብደት በከፊል ውሃው ራሱ ይሸከማል፤ ግፊቱም ከተጠበቀው በላይ ይሆናል። ቆፋሪው ይህን ሳያውቅ ቀላል የቁፋሮ ጭቃ (ጉድጓዱን ሞልቶ በክብደቱ ግፊቱን የሚመክት ፈሳሽ) ይዞ ከደረሰ ፈሳሹ ወደ ጉድጓዱ ይገባበታል። ይህ ኪክ የሚባለው ነው፤ ካልተቆጣጠሩት ወደ ብሎውአውት፣ ማለትም ፈሳሹ ከቁጥጥር ውጭ ፈንድቶ ወደ መውጣት፣ ያድጋል። ፈርቶ ጭቃውን ከልክ በላይ ካከበደው ደግሞ ድንጋዩ ይሰነጠቅና ጭቃው በስንጥቁ ይጠፋል። የቁፋሮ ሥራ በእነዚህ በሁለቱ ወሰኖች መካከል መጓዝ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በማኮንዶ ጉድጓድ 11 ሠራተኞች ሕይወታቸውን ሲያጡ ምክንያቶቹ ብዙ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ በጉድጓዱ ግርጌ በሁለቱ ወሰኖች መካከል የቀረው ክፍተት ጠባብ መሆኑ የሲሚንቶውን ሥራ እንዳከበደው በምርመራ ሪፖርቶች ተመዝግቧል። ይህን የምጽፈው አንባቢን ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ስለ ግፊት ትንበያ ስንነጋገር ስለ ሰው ሕይወት እየተነጋገርን መሆኑ እንዳይዘነጋ ነው።

አሠልጣኙ ሥልጠናውን የጀመሩት በቀመር አይደለም። ከተቀመጥንበት ክፍል በእግር ሊደረስበት የሚችለውን ፍልውሃን አነሡ፤ እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1886 በአጠገቡ እንዲሰፍሩ ያደረጋቸውን ያንኑ ውሃ። «ይህን ውሃ ማን ስቦ አወጣው?» ሲሉ ጠየቁን። ማንም አልሳበውም፤ ከሥር ያለው ግፊት ነው የገፋው። ከዚያ ተነሥተው ካርል ተርዛጊ በ1920ዎቹ ወደ ደረሰበት ሐሳብ ወሰዱን፤ ከላይ የሚመጣውን ጫና የድንጋዩ ጠጣር አካልና በቀዳዳው ያለው ፈሳሽ ተከፋፍለው ይሸከሙታል፤ አንዱ ካነሰ ሌላው ይጨምራል። የግፊት ትንበያ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ቀላል ሐሳብ ላይ ስለሆነ፣ ለዚሁ ግማሽ ቀን መስጠታቸውን ከልቤ አደንቃለሁ። በሌላ ቦታ ያየኋቸው የማሽን ለርኒንግ ትምህርቶች ይህን በአንድ ገጽ አልፈውት ወደ ኮምፒውተሩ ይሮጣሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የተሰጡት ለነባሮቹ ዘዴዎች ነው፤ በእኔ ግምት ከሥልጠናው ሁሉ የተሻለው ክፍልም ይኸው ነበር። ሼል ወደ ጥልቀት በተወረደ ቁጥር እየተጠቀጠቀ ስለሚሄድ ድምፅ በውስጡ የሚያልፍበት ፍጥነት ይጨምራል። ፍጥነቱ ከዚህ መደበኛ መስመር ሲያፈነግጥና ሲቀንስ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የታፈነ ውሃ እንዳለ ይጠረጠራል። ሆትማንና ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ይህን ልዩነት ከተለካ ግፊት ጋር አገናኙት፤ ቤን ኢተን ደግሞ በ1975 በቀመር አስቀመጠው፤ ለድምፅ ሎግ 3፣ ለኤሌክትሪክ መቋቋም ሎግ 1.2 የሚሉትን የታወቁትን ኤክስፖነንቶች (የቀመሩን የኃይል ቁጥሮች) ያገኘነው ከእርሱ ነው፤ ሎግ የምንለው መሣሪያ ወደ ጉድጓድ ወርዶ በየጥልቀቱ የሚመዘግበውን ንባብ ነው። መደበኛውን መስመር በሚሊሜትር ወረቀት ላይ በእጃችን እንድናሰምር ተደርገናል። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት መሐንዲስ መስመሯን ከእኔ በጥቂቱ ዘንበል አድርጋ አሰመረችው፤ ስናሰላው በጉድጓዱ ግርጌ ያገኘነው ግፊት በብዙ ባር ተለያየ። ስለዚህ ልዩነት የተደረገው ውይይት አንድ ሰዓት ሙሉ ወሰደ፤ ይገባውም ነበር፤ ምክንያቱም ሰዎች ወደ ማሽን ለርኒንግ የሚሄዱበት ዋናው ምክንያት ይህ በሰው እጅና ዓይን ላይ የተንጠለጠለ መስመር ነው።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የቀረበው የግሌን ባወርስ የ1995 ሥራም በጥሩ ሁኔታ ተብራርቷል። ከመጠን ያለፈ ግፊት ሁሉ ከመጠቅጠቅ መዘግየት አይመጣም፤ ድንጋዩ አንዴ ከተጠቀጠቀ በኋላ ፈሳሹ በሙቀት ሲስፋፋ ወይም ጋዝ ሲፈጠር የሚመጣ ግፊትም አለ። በዚህ ጊዜ የድምፅ ፍጥነት ይወርዳል፣ የድንጋዩ እፍጋት ግን እምብዛም አይለወጥም፤ የኢተንን ቀመር በተለመደው ኤክስፖነንት ብቻ የተጠቀመ ሰው ግፊቱን ከእውነቱ አሳንሶ ይገምታል። ሁለቱን ሎጎች በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጠን መንስኤውን እንድንለይ የተሰጠን መልመጃ ቤት ድረስ ይዤው የሄድኩት ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ወደ ኮምፒውተሩ ገባን፤ ቅሬታዬም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለልምምድ የቀረበልን ኢኩዊኖር እ.ኤ.አ. በ2018 ለሕዝብ ክፍት ካደረገው የኖርዌይ ሰሜን ባሕር የቮልቭ መስክ መረጃ ተወስዶ የተዘጋጀ ሰነድ ነበር። ምርጫው መልካም ነው፤ የሎግ፣ የቁፋሮና የምርት መረጃ በአንድ ላይ እንዲህ ተሟልቶ በነፃ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው። የድምፅ፣ የእፍጋት፣ የጋማ ሬይ (የድንጋዩ የተፈጥሮ ጨረር) እና የኤሌክትሪክ መቋቋም ሎጎችን እንዲሁም ጥልቀትን አስገብተን፣ ራንደም ፎረስት የሚባለውን፣ የብዙ የውሳኔ ዛፎችን ግምት አጣምሮ የሚተነብይ ሞዴል፣ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አሠለጠንን። የመረጃውን 80 በመቶ ለማሠልጠኛ፣ 20 በመቶውን ለመፈተኛ በዕጣ ከፈልነው። ውጤቱ ከ1 እምብዛም ያልራቀ አር-ስኩዌር (ትንበያው ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደገጠመ የሚያሳይ፣ ፍጹሙ 1 የሆነ መለኪያ) ሆኖ ወጣ፤ ክፍሉ በደስታ ተሞላ፤ አንዳንዶቻችን ስልካችንን አውጥተን ግራፉን ፎቶ አነሣን።

ያ ቁጥር ግን ሊያስደስት የሚገባ አልነበረም። ሎግ ብዙውን ጊዜ በየ15 ሴንቲሜትሩ የሚመዘገብ ንባብ ነው። ንባቦቹን በዕጣ ስንከፍላቸው ለመፈተኛ የወጣች ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ከላይዋም ከታችዋም በ15 ሴንቲሜትር የሚርቁ ጎረቤቶቿ በማሠልጠኛው ውስጥ ቀርተዋል። ሞዴሉ የሚፈለግበት ሥራ ግፊቱን መተንበይ ሆኖ ሳለ ጎረቤቶቿን እያየ የመሐሉን ቁጥር ሞላ። ይህ ለተማሪ ፈተናውን ከነመልሱ ሰጥቶ በውጤቱ እንደመደነቅ ነው። በሜዳ ላይ ያለው ቆፋሪ የሚያስፈልገው ገና ስላልተቆፈረው ጉድጓድ የሚነገር ነገር ነው፤ ከዚያ ጉድጓድ ደግሞ አንድም ነጥብ በማሠልጠኛው ውስጥ የለም።

ይህን ያነሡት እኔ ሳልሆን፣ በወጣትነታቸው በኦጋዴን ቁፋሮ ላይ የሠሩ፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ ጡረተኛ ነበሩ። ፓይተን አያውቁም፤ ኮምፒውተሩንም የሚያንቀሳቅስላቸው አጠገባቸው የተቀመጠ ልጅ ነበር። ግራፉን ረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «ልጄ፣ ይህ ነገር የተፈተነው ባጠናው ጉድጓድ ላይ ነው። እስኪ የማያውቀውን ጉድጓድ ስጡትና እንየው» አሉ። አሠልጣኙ አልተከራከሩም፤ «ልክ ነዎት ጋሼ፣ ነገ ጠዋት እናደርገዋለን» ብለው መለሱ። በማግሥቱ አንዱን ጉድጓድ ሙሉ በሙሉ ከማሠልጠኛው አውጥተን ሞዴሉን ፈተንነው። የተተነበየው መስመር የላይኛውን ክፍል ደህና ተከትሎ ወደ ታች ስንወርድ ከተጠበቀው ግፊት በታች ቀረ፤ ከምንም በላይ ትክክለኛነት በሚያስፈልግበት ክፍል ላይ ማለት ነው። አሠልጣኙ ስህተታቸውን በሠልጣኞች ፊት መቀበላቸው ለእርሳቸው ያለኝን አክብሮት ጨምሮታል። ነገር ግን ይህ የአንድ አረጋዊ ሰው ንቃት ያመጣው አጋጣሚ መሆን አልነበረበትም፤ ጋሼ በዚያ ቀን ባይገኙ ኖሮ ሁላችንም ያንን ግራፍ ይዘን ወደየመሥሪያ ቤታችን እንመለስ ነበር።

ጥልቀትን እንደ ግብዓት ማስገባትም ሌላ ወጥመድ ነው። ግፊት ከጥልቀት ጋር መጨመሩ ስለማይቀር፣ ጥልቀትን ብቻ የተሰጠው ተራ ቀጥተኛ መስመር እንኳ ከፍ ያለ አር-ስኩዌር ያገኛል። ስለዚህ የሚተነበየው ነገር ግፊቱ ራሱ ከሚሆን ይልቅ፣ ከመደበኛው የውሃ ግፊት በላይ ያለው ትርፍ ወይም ግፊቱን ለመመከት የሚያስፈልገው የጭቃ እፍጋት ቢሆን የሞዴሉ እውነተኛ ችሎታ ይገለጥ ነበር። ስህተቱም በአማካይ ብቻ ባይለካ ይመረጣል። በ3,000 ሜትር ጥልቀት ላይ የጭቃውን እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.05 ግራም ብቻ መሳት ወደ 15 ባር የሚጠጋ የግፊት ልዩነት ያመጣል፤ በወረቀት ላይ ኢምንት የሚመስል ቁጥር በጉድጓዱ ግርጌ ኢምንት አይደለም። ከዚህም በላይ ግፊቱን አሳንሶ መገመትና አብልጦ መገመት እኩል ስህተት ተደርገው መቆጠራቸው አላስማማኝም። አብልጦ መገመት ጭቃ ያስጠፋል፣ አሳንሶ መገመት ሰው ሊገድል ይችላል። ሞዴሉ አንድ መስመር ብቻ ከሚሰጠን ይልቅ ላይኛና ታችኛ ወሰን እንዲሰጥ የሚያደርጉ የታወቁ ዘዴዎች አሉ፤ ኳንታይል ሪግረሽን አንዱ ነው፤ በአምስቱ ቀናት ውስጥ ግን አንድ ጊዜም አልተነሣም።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። በአራተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ በተሰጠን ሰነድ ውስጥ ግፊት የሚለው ዓምድ ከየት እንደመጣ አሠልጣኙን ጠየቅኋቸው። መሣሪያ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ የለካው አልነበረም፤ በኢተን ቀመር ከድምፅ ሎጉ የተሰላ ነበር። የድምፅ ሎጉ ደግሞ ከሞዴሉ ግብዓቶች አንዱ ነው። እንግዲህ ሞዴሉ ስለ ምድር የተማረው አዲስ ነገር የለም፤ የኢተንን ቀመር በብዙ ድካም መልሶ አገኘው እንጂ። ቀመሩ በተሳሳተበት ቦታ ሁሉ ሞዴሉም አብሮ ይሳሳታል፤ ባወርስ ያስጠነቀቀበት ዓይነት ግፊት ሲያጋጥም ሁለቱም በአንድነት ያሳንሱታል፤ እኛም ሁለት ምስክር ያገኘን ይመስለናል። በሁለተኛው ቀን እንዲያ አሳምረው ያስተማሩን ሰው በሦስተኛው ቀን ይህን አለማስታወሳቸው አሳዝኖኛል። በእርግጥ የተለካ ግፊት በየጉድጓዱ በጣት የሚቆጠሩ ነጥቦች ብቻ ስለሚሆን ሞዴል ለማሠልጠን አይበቃም የሚለው ምክንያታቸው እውነትነት አለው። ሆኖም እነዚያ ጥቂት ነጥቦች ለመፈተኛ ሊቀመጡ ይችሉ ነበር፤ በቀመር የተሰላውም የተሰላ መሆኑ በዓምዱ ራስጌ ላይ ሊጻፍ ይገባ ነበር።

ስለ አገራችን ድንጋይ የተመደበው ጊዜ የአምስተኛው ቀን የመጨረሻ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በኦጋዴን፣ ካሉብ ላይ ጋዝ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በዚያ ተፋሰስ የቦክ ሼልን የመሰሉ ንጣፎች ስላሉ በመጠቅጠቅ ላይ የተመሠረቱት ዘዴዎች ቢያንስ መነሻ አላቸው፤ የሃማንሌይ የኖራ ድንጋይ ላይ ሲደረስ ግን የድምፅ ፍጥነቱን የሚወስነው በአብዛኛው መጠቅጠቁ ሳይሆን የድንጋዩ መጣበቅና መሟሟት ስለሆነ መደበኛ መስመር የሚባለው ነገር ትርጉም ያጣል። እኔ በምሠራበት በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ ይለያል። በአሉቶ ላንጋኖ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተቆፈሩት ጉድጓዶች የሚያልፉት በአብዛኛው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ የሙቀት መጠኑም በአንዳንዶቹ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ደርሷል። በ300 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ ቀላል ነው፤ እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.71 ግራም ገደማ ስለሆነ 1,000 ሜትር የሚረዝም ዓምዱ የሚያሳድረው ግፊት 70 ባር ያህል ነው፣ ቀዝቃዛው ውሃ ግን 98 ባር ያሳድራል። በዚህም የተነሣ በእኛ ሪጎች (የቁፋሮ መሣሪያዎች) ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀን የቁፋሮ ፈሳሹ በስንጥቅ መጥፋቱ ነው፤ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ የፈሳሽ ዓምድ ሲጠፋና ውሃው ሲፈላ ደግሞ ጉድጓዱ በእንፋሎት ሊነሣ ይችላል። በሰሜን ባሕር ሼል ላይ የተማረ ሞዴል ስለዚህ ምንም አያውቅም፤ የከፋው ነገር ደግሞ አላውቅም ብሎ አለመናገሩ ነው፤ ቁጥር ከተሰጠው ቁጥር ይመልሳል። ይህን ለማንሣት እጄን ሳወጣ ሰዓቱ አልቆ ነበር።

ስለ ቦታው ብዙ የምለው የለኝም። ክፍሉ ሰፊና ብርሃን ያለው ነው፤ ከስታዲየም የባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳል። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሥቷል። ኢንተርኔቱ ደካማ ቢሆንም አዘጋጆቹ ሰነዶቹን ሁሉ አስቀድመው በፍላሽ ስላዘጋጁልን ሥራ አልተስተጓጎለም። ላፕቶፕ ይዘው ላልመጡ ሰዎች የቀረቡት ኮምፒውተሮች ግን አቅማቸው ደካማ ስለሆነ የራሳችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ቡናው በሰዓቱ ይቀርባል።

በተለይ ላመሰግንበት የምፈልገው ነገር ትምህርቱ በአማርኛ መሰጠቱን ነው። የስላይዶቹ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ቢሆንም ማብራሪያው ሁሉ በአማርኛ ነበር፤ ለየቃሉም የተዘጋጀ አጭር የቃላት መፍቻ ታድሎናል። ኦቨርበርደንን «የላይ ጫና» ብለው ሲተረጉሙት፣ በሪግ ላይ አብረውኝ የሚሠሩት ወንድሞች ስለ ምን እንደማወራ በአንድ ጊዜ እንደሚረዱኝ ታየኝ። ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያፍሩ የሚመስሉ ሠልጣኞች በሁለተኛው ቀን አፋቸው የተፈታው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ክፍያው ምሳን ጨምሮ 18,500 ብር ነው። በሪግ ወይም በሎግ ንባብ ላይ የሠራ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ብቻ ሲል ቢከፍለው አይቆጭም። ከኮምፒውተር ሳይንስ መጥቶ ቁፋሮን ለማያውቅ ወጣት ግን በአሁኑ ይዘቱ እንዲወስደው አልመክርም፤ በሦስተኛው ቀን የሚያገኘውን ቁጥር የሚጠራጠርበት መነሻ የለውም።

ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ ያንኑ ሰነድ ከፍቼ ጥልቀትን ከግብዓቶቹ አወጣሁ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ጉድጓድ በየተራ እየደበቅሁ ሞዴሉን እንደገና ፈተንሁት። ሥራው የወሰደብኝ አንድ ምሽት ብቻ ነው። ውጤቱን ከነፋይሉ ለአሠልጣኙ ላክሁላቸው፤ እርሳቸውም የሚቀጥለው ዙር ሦስተኛ ቀን በዚሁ እንደሚጀምር መለሱልኝ። ለመመዝገብ የምታስቡ ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሞዴሉ የሚፈተነው ሙሉ በሙሉ ተለይቶ በተቀመጠ ጉድጓድ ላይ መሆኑን፣ የግፊቱ ዓምድም የተለካ ይሁን የተሰላ።